በገዛ ወረቀቴ ላይ ያደረግሁት ኤክስ

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

አሥራ አራት። ከሠላሳ አሥራ አራት። የሚድ ወረቀቴን እንደተቀበልኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማርኩን መልሶ መደመር ነው፤ አስተማሪ ድምር እንደሚሳሳት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አልተሳሳተም። ሁለት ጊዜ ደመርኩ፣ ሁለቴም አሥራ አራት።

እንግዲህ ያለኝ ይኼ ነው፦

ሚድ፦ 14 ከ30
አሳይመንት፦ 16 ከ20
ፋይናል፦ ከ50፣ ዓርብ ጠዋት

ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከፋይናሉ ሃያ ማምጣት አለብኝ። ሃያ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በዚሁ ኮርስ ፋይናል አሥራ አንድ አምጥቼ ኤፍ የተሰጠኝ ሰው ነኝ። ካልኩለስ ሦስት። ሁለተኛ ኤፍ ካገኘሁ ከፕሮግራሙ እሰናበታለሁ። አምስት ክረምት ከቤሌ ሶዶ የተመላለስኩት፣ ልጄን ለአባቷ ጥዬ በዶርም አልጋ ላይ ያደርኩት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ክፍልፋይ ንገሩኝ፣ ፐርሰንት ንገሩኝ፣ ተኝቼ እነግራችኋለሁ። አንድ ተለዋዋጭ ሲሆንም እንደምንም እታገላለሁ። ሁለትና ሦስት ተለዋዋጭ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ግን ጭንቅላቴ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

ደግሞ የአስተማሪው ነገር አለ። የዘንድሮው መምህራችን ማቴዎስ ይባላል። ቤሌ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው! ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መስኮት ሥር የሚቀመጥ። አሁን ማስተርሱን ይዞ፣ ሸሚዙን አስገብቶ፣ ፊቴ ቆሞ ያስተምረኛል። የመጀመሪያው ቀን ስም ሲጠራ እኔ ጋ ደርሶ “አቤት ቲቸር” አለ። ራሱ ጠርቶ ራሱ አቤት አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ፣ እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሚዴ ላይ በየጥያቄው ጎን “ሥዕሉ የታል?” ብሎ ጽፏል። አምስት ቦታ። የሱ ነገር ሁሌ ሥዕል ነው። “ሥዕሉን ሳትስሉ አትንኩት” ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት ቅደም ተከተል ነው፤ የተሰጠ፣ የተፈለገ፣ መፍትሔ። ሂሳብ ቤት ሥዕል ምን ይሠራል?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዝናብ። ላይብረሪ ሄጄ ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተቀመጥኩ። ደብል ኢንተግራል። እንደተሰጠው ከሄድክ የማይሠራ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ አለብህ። ስታገላብጠው ደግሞ ወሰኖቹ ይለወጣሉ። ለምን እንደሚለወጡ አልገባኝም። ቁጥሮቹን ቦታ አለዋወጥኳቸው፣ መልሱ እብደት ሆነ።

አልማዝ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ የበዴሳ መምህርት፣ እዚሁ ከእኛ ክፍል። አፏ ስለት ነው። “ቁጥር ከመለዋወጥ ሥዕሉን ሳዪው፤ ልጅሽ ያለሽ እሱን አይደለ?” አለችኝ። ልጅሽ የምትለው ማቴዎስን ነው።

ሳልወድ ሳልኩት። ባለ ሦስት ማዕዘን ሆነ። አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ ቤታችን ፊት በመንገዱና በወንዙ መሃል ያለችው ማሳ መሰለችኝ። ለእዮብ ደወልኩ። ባሌ ገበሬ ነው፣ በወላይትኛ ነው የምናወራው።

“በቆሎውን ስትዘራ መስመሩን ከየት ነው የምትጀምረው?”

“ከመንገዱ።”

“ከወንዙ በኩል ብትጀምረውስ?”

 አሞሽ ነው ወይ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን “መስመሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ይለያያል እንጂ ማሳዋ ያው ናት” አለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ጽፌ ጨረስኩት። ማሳዋ ያው ናት! የሚለወጠው መስመሩ የሚጀምርበትና የሚቆምበት ብቻ ነው። መልሱ በሦስት መስመር ወጣ፤ ኢ ሲቀነስ አንድ፣ ለሁለት ሲካፈል። መጽሐፉ ጀርባ አየሁ። ልክ ነው። ላይብረሪ ውስጥ እልል ልል ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ዛሬ ከፍተኛ ነጥብ፣ ዝቅተኛ ነጥብ፣ የኮርቻ ነጥብ ደገመልን። ዲ የሚባል ቁጥር ይሰላል፤ ኩርባውን የሚናገር ሌላ ቁጥርም አለ። በወረቀት ገልብጬ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት፦

ዲ ፖዘቲቭ፣ ኩርባው ፖዘቲቭ፦ ዝቅተኛ
ዲ ፖዘቲቭ፣ ኩርባው ኔጋቲቭ፦ ከፍተኛ
ዲ ኔጋቲቭ፦ ኮርቻ
ዲ ዜሮ፦ ፈተናው አይናገርም

ሸመደድኩት። መሸምደድ እንጂ መግባቱን እንጃ።

አቶ ደሳለኝ ከቦምቤ የመጣ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው። ሲወጣ “አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ ተማሪሽ ማርክ ይነፍግሻል እንዴ?” አለኝ። ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዶርም ስገባ ግን አናደደኝ። አሥራ አራት የሰጠኝ ማን ሆነና?

እውነቱን ልጻፍ። አንዳንዴ እኔም አስቤዋለሁ። ትንሽ ቢያዝንልኝስ ብዬ። ይህን ካሰብኩ በኋላ ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

መብራት የለም።  ከቤት ያመጣሁትን ቆጮ በዳጣ በላሁ፣ አልወርድ አለኝ። አልማዝ የፍልሰታ ፆም ስላለቀ ደስ ብሏታል፤ “በፍልሰታ በዓል ቀን ፈተና የሚያወጣ ሰው እግዚአብሔር ይይለት” ትላለች።

ለነገ አዘጋጅቼ ጨረስኩ። መታወቂያ። ካልኩሌተር። ሰዓት። እስክሪብቶዎቼ በላስቲክ እንደታሰሩ፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ። አሥራ ስምንት ዓመት ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ አላምነውም።

ፈተናው አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ አሥር። ሁለተኛው የማሳዬ ጥያቄ ራሱ ነበር፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጧል። ሳልኩ፣ አገላበጥኩ፣ ሠራሁ። ሦስተኛው የኮርቻ ነጥብ። አምስተኛውን ጀምሬ ተውኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ኮርስ ሰዓት ተረፈኝ፤ ሃያ ደቂቃ። ተማሪዎቼን “ጨርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ መርምሩ” የምል ሰው ነኝና መረመርኩ። ፈታኞቹ የማላውቃቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ ወረቀቴን ሰጠሁና ወጣሁ።

ዶርም ደረስኩ። አልማዝ ለነገ መፍቻ ዶሮ ወጥ ከቤቷ አስልካ ማሰሮውን እየከፈተች ነው። “ጣትሽን ምን ቆረጠሽ?” አለችኝ። አየሁት። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ቀይ ናቸው። ደም መስሎኝ ላስኩት። ቀለም ነው።

ቁጭ አልኩ።

ስመረምር በቀይ ነው የመረመርኩት። ሰማያዊውን አስቀምጬ ቀዩን አንስቻለሁ፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። አንደኛው ላይ ራይት አድርጌያለሁ። ሁለተኛው ላይ ራይት። ሦስተኛው ላይ ተጠራጥሬ ትልቅ ኤክስ። በየጎኑ ማርክ ሰጥቻለሁ፦ 10፣ 9፣ 4፣ 7፣ 3። ከዚያ ደግሞ፣ አምላኬ ሆይ፣ የፊት ገጹ ላይ ሠላሳ ሦስት ብዬ ጽፌ ከብቤዋለሁ። የራሴን ፈተና አርሜ አስረከብኩ!

አልማዝ መጀመሪያ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች። የፈተናው ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈ ነው፤ በቀይ የተጻፈበት ወረቀት አይታረምም። እኔ ራሴ ይህን ሕግ ለልጆች በየሴሚስተሩ አነባለሁ። አንዴ የአንዲት ልጅ ቀይ እስክሪብቶ ቀምቼ ሰኔ ድረስ አልመለስኩላትም።

እራቴን አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ጠዋት ማቴዎስ ደወለ። “ቲቸር፣ ቢሮ ብቅ ይበሉ” አለ፤ ሌላ ምንም አላለም።

ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ወረቀቴን ከመሳቢያ አወጣው። በቀን ብርሃን ሳየው ከገመትኩት የባሰ ነው። ማንም ሰው ቢያየው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ አስተማሪው ከፈተናው በፊት ማርክ ሞልቶ ሰጣት። የሱ የድሮ አስተማሪ ናት፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፣ አለቀ። እሱም ገና ከተቀጠረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

“ለማንም አላሳየሁም” አለኝ። ከዚያ ባዶ መልስ መስጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ማኅተም ያለበት። “የጻፉትን ብቻ በሰማያዊ ይገልብጡት። አንድ ፊደል አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። እኔ ውጭ እቆማለሁ።” ሲናገር ያየው የነበረው ግድግዳውን ነው።

አልቆጣሁም። የለም አላልኩም። ይህን ማስታወሻ ማንም አያነበውም፣ ስለዚህ ልዋሽ አልችልም፤ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና ስሜን ጻፍኩ። መለያ ቁጥሬን ጻፍኩ። አንደኛውን ጥያቄ ገለበጥኩ። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። 

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኤክሱን ልገልብጠው ወይስ ልተወው? ከገለበጥኩት ማን በሰማያዊ የራሱን መልስ ኤክስ ያደርጋል? ከተውኩት ደግሞ ትናንት ስህተት ነው ብዬ የሰረዝኩትን ዛሬ ልክ ነው እያልኩ ነው፤ ያ ደግሞ አዲስ ፈተና ነው፣ ብቻዬን፣ በተዘጋ ቢሮ። ኤክሱን ረጅም ጊዜ አየሁት። እውነቱን ለመናገር መልሱ ልክ ይሁን ስህተት ራሱ ጠፍቶብኝ ነበር።

ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍሉ ልጅ። “ማቴዎስ” አልኩት፣ መምህር ማለቱ ጠፋኝ፤ “ሰኞ የዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ እሄዳለሁ። ራሴ አስረዳለሁ።”

“ውድቅ ቢያደርጉትስ ቲቸር? ሁለተኛ ኤፍ ነው እኮ።”

“አውቃለሁ።”

የጀመርኩትን አዲስ ወረቀት ቀደደው። ቁራጩን ኪሱ ከተተ። እፎይ ያለ መሰለኝ፤ ወይም እኔ እንዲያ እንዲሆን ስለፈለግሁ ይሆናል።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ቸርች ሄድኩ። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር አላውቅም። መዝሙር ላይ ብቻ አልቅሻለሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት መንፈስ የነካኝ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የነካኝ ፍርሃት ነው።

ስመለስ ካፌው በር ላይ አቶ ደሳለኝ አገኘኝ። ዓርብ ከኋላዬ ስለነበር በቀይ ስጽፍ አይቷል። “እኔ ዝም ብያለሁ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “ሰዎቹ ግን እያወሩ ነው። ልጁ አስቀድሞ ሞልቶላት ነው ይላሉ።” እሱ ዝም ካለ ሰዎቹ ከየት ሰሙት? ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በምትኩ “ነገ ዲፓርትመንት እሄዳለሁ፣ ያየኸውን መጥተህ መስክር” አልኩት። ደነገጠ። “እኔ ምን አገባኝ” ብሎ ሄደ።

ለእዮብ ሁሉንም ነገርኩት። ቅዳሜ ሁለት ጥያቄ መገልበጤንም።  “ገባኝ” አለኝ። “ነገ ስትገቢ ቀዩንም፣ የገለበጥሽውንም ንገሪያቸው።”

“የማቴዎስ ሥራስ?”

ስልኩን ለልጃችን ሰጣት።  ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ ብዬ ነገ እጽፋለሁ፣ ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኃላፊው በር ላይ ቆምኩ። ስገባ ማቴዎስ ቀድሞኝ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጎኑ የተቀደደው ሰማያዊ ቁራጭም አለ። የቅዳሜውን ራሱ ተናግሯል። በእኔ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔ ነኝ ያቀረብኩላት ብሎ። እኔም ሁለት ጥያቄ መገልበጤን ጨመርኩ። 

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። “ስንት ዓመት አስተማሩ?” አለኝ።

“አሥራ ስምንት።”

“ማርኩን ደግሞ ከብበውታል።”

“አዎ።”

ሊስቅ ይሁን ሊጮህ አልገባኝም። ውሳኔው ይህ ነው፤ ሕጉ ሕግ ስለሆነ ወረቀቱ እንዳለ አይታረምም። ነገ በሦስት ሰዓት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ከወረቀቱ የሚመርጡትን እሠራለሁ፣ እሱና አንድ ሌላ መምህር ባሉበት። የሠራሁት የራሴ መሆኑን ካመኑ ሌላው መምህር ያርመዋል። ካላመኑ ኤፍ። ማቴዎስ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም። የሱ ጉዳይ ለብቻው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይታያል ተባለ።

ስወጣ ኃላፊው “እስክሪብቶው ግን እዚህ ይቀራል” አለ። ቀዩን ከላስቲኩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ከሰዓት ሙሉ አልማዝ ጠየቀችኝ። ሁሉንም እመልሳለሁ፣ ሦስተኛውን ስትጠይቀኝ ግን አፌ ይያዛል። “ለምን ነው ኤክስ ያደረግሽው?” ትላለች። ኩርባው ዜሮ ስለሆነ። “ዜሮ ከሆነስ?” ደብተሬን እገልጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

አለፈ። የሆነውን ልጻፍ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው መምህር ዕድሜው የገፋ፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። ስሜን ሲጠይቁኝ መለያ ቁጥሬን ነገርኳቸው። ከዚያ ቾክ ሰጡኝ።

ቾኩ ጣቴ ውስጥ ሲገባ ተረጋጋሁ። አላጋነንኩም። አሥራ ስምንት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ስጠርግ ቤቴ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ማሳዋን ሠራሁላቸው። የመንገዱን በኩል፣ የወንዙን በኩል። ጃንጥላ ያላቸው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ኃላፊው “ሦስተኛውን ለምን ኤክስ አደረጉት?” አለ። የፈራሁት ጥያቄ ነው።

“ነጥቡ ላይ ኩርባው ዜሮ ሆነብኝ” አልኩ። “ዜሮ ሲሆን ፈተናው አይናገርም ብዬ…” ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። አልጋዬ ራስጌ የለጠፍኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። ዜሮ ሲሆን ፈተናው የማይናገረው ዲ ነው እንጂ ኩርባው አይደለም! ዲ ደግሞ ኔጋቲቭ ዘጠኝ ነበር። ግን ይህን ብቻ ብናገር የሸመደድኩትን መድገም ነው፤ እነሱም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ወደ ማቴዎስ አየሁ። መሬት መሬት ያያል። ከንፈሩ ግን የሆነ ነገር እያለ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳልሰማው አወቅሁት።

ሥዕሉን ሳልኩ።

በቾኩ በአንዱ ሰያፍ ተራመድኩ፤ ቁጥሩ ከዜሮ ወረደ። በሌላው ሰያፍ ተራመድኩ፤ ወጣ። ስስለው ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ፣ የክፍል ድምፄ መጣ። “ከሶዶ ወደ ቤሌ ስንሄድ መንገዱ በሁለት ኮረብታ መሃል የሚያልፍበት ቦታ አለ አይደል? መኪናው እዚያ ሲደርስ ዳገቱን ጨርሷል፣ ከፊትም ከኋላም ቁልቁለት ነው። ግራና ቀኙን ካያችሁ ግን ገና ዳገት ነው። ከፍተኛ አይደለም፣ ዝቅተኛም አይደለም። ኮርቻ ነው። የመጀመሪያው መልሴ ልክ ነበር፤ ኤክሱ ነው ስህተቱ።” ዞርኩና ቾኩን አራግፌ “ገባችሁ?” አልኳቸው።

እንዲህ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

ጃንጥላ ያላቸው መምህር “ገባን፣ ቲቸር” አሉ። ኃላፊው ሳቁን መያዝ አልቻለም። ውጤቱ ነገ ይነገርዎታል ተባልኩ። ሳቁ ማለት አለፍኩ ማለት አይደለም፤ ይህን ለራሴ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሠላሳ ስድስት! ከሃምሳ ሠላሳ ስድስት። በድምሩ ስድሳ ስድስት። አልፌያለሁ። አልማዝ አልጋው ላይ ዘለለች፣ የአልጋው ጣውላ ተሰበረ፤ ማሳወቅ አለብን።

የነገረኝ ማቴዎስ ነው፣ ከዲፓርትመንቱ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን። እሱ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ደርሶታል፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ይቅርታ ልጠይቀው ስል እሱ ቀደመኝ። ያረሙት ጃንጥላ ያላቸው መምህር ናቸው፤ ለሦስተኛው አሥር ሰጥተዋል። “እርስዎ ለራስዎ አራት ነበር የሰጡት” አለኝ። “በድምሩ ሠላሳ ሦስት። ለራስዎ እንደሁልጊዜው ጨካኝ ነዎት።”

“ለራሴ ብቻ?” አልኩት ስቄ።

አልሳቀም። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሰባተኛ ክፍል እያለ አንድ ጥያቄ ላይ ኤክስ እንዳደረግሁበት ነገረኝ። ሰውየው የማሳውን ሁለት አምስተኛ በቆሎ፣ የቀረውን እኩሌታ ቦዬ፣ የኛን አገር ሥራ ሥር፣ ቢተክል ባዶ የቀረው ስንት እጅ ነው የሚል። እሱ ስሌት አልጻፈም፤ ማሳውን ነው የሳለው። መልሱ ልክ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ፣ እኔም ሳላነብ “ሥዕል ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ነው፣ ቁጭ በል” አልኩት። ክፍሉ ሳቀ።

አላስታውሰውም። ባስታውሰው ይሻለኝ ነበር። ማለቴ ግን አያጠራጥርም፣ አባባሉ የኔ ነው።

“ቂም አይደለም ቲቸር” አለኝ። “ብቻ ሥዕሉን ከዚያም ወዲህ አልተውኩትም።” ሥዕሉን እንደነበረ እንዲስልልኝ ለመንኩት። አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሳለው፣ አጥፎ ሰጠኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22፣ ቤሌ

ቤት ገባሁ። እዮብ “ሎኦ” ብቻ አለኝ፤ ጥሩ ማለት ነው፣ ከሱ አፍ ብዙ ነው። ልጄ ሻንጣዬን ስትፈታ ሦስት የነበሩት እስክሪብቶዎች ሁለት መሆናቸውን አይታ ጠየቀችኝ። ረጅም ታሪክ ነው አልኳት።

ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የማቴዎስን ወረቀት ዘረጋሁት። ባለ አራት ማዕዘን ማሳ፣ አሥር እኩል ቁራጭ። አራቱ ላይ በቆሎ፣ ሦስቱ ላይ ቦዬ፣ ሦስቱ ባዶ። ከሥሩ “ሦስት አሥረኛ” ይላል። ስሌት የለም። ቁራጮቹን በጣቴ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ ከዚያ እንደገና።

ቀይ የለኝም። በሰማያዊው ራይት አደረግሁለትና ጎኑ ላይ ጻፍኩ፦ አሥር ከአሥር።